አክስቱ ያልተኛችበት ድርሰት

በጃንሆይ ዘመን ተማሪ ድርሰት መጻፍ ይችል ነበር የሚሉት ውሸት ነው። ነቀምቴ የተማርኩ ሰው ነኝና ምስክርነቴን ተቀበሉ፤ እንገለብጥ ነበር እንጂ አንጽፍም ነበር። «ታሪክ የሌለው ሕዝብ ሥር እንደሌለው ዛፍ ነው» ብለን እንጀምራለን፤ «በዚሁ ብዕሬን አስቀምጣለሁ» ብለን እንጨርሳለን። መካከሉን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ካለችው አንዲት የታሪክ መጽሐፍ እንሞላዋለን። መጽሐፏ መሐል ላይ ጥቂት ቅጠሎች ጎድለዋታል። በዚህ ምክንያት በክፍላችን ድርሰቶች ሁሉ አንድ ምስኪን ንጉሥ ዘውድ ሳይጭን ይሞት ነበር። አማርኛንም ታሪክንም የሚያስተምረን የሸዋ ሰው ደብተሮቻችንን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ፣ «እኚህን ሰውዬ እባካችሁ አንድ ቀን እንኳ አንግሡልኝ!» ይል ነበር።

ከገልባጮቹ እኔ አንደኛ ነበርኩ። ደግሞም መብቴ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ የከተማችን ባኬ ጃማ ሰፈር የተቀመጠ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቅኔ የቆጠረ፣ አማርኛው የሚፈራ ሰው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ከጨለለቂ ሰፈር የሚመጣ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ የለመደ ነበር። ወንዱን «እሷ» ሴቷን «እሱ» ይላል። ደብተሩን እያየሁ የማላርምለት ዓረፍተ ነገር አልነበረም። መምህሩ የእኔን ሲያነብ ክፍሉ ያዛጋል፤ የእሱን ሲያነብ ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ይህን ነገር ለመቀበል ዕድሜ ያስፈልጋል። ዕድሜው መጥቷል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በወላጆች በዓል ላይ አንድ ድርሰት በአዳራሹ እንደሚነበብ ተነገረን። ከአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሰው ይመጣል፤ ወላጆች ሁሉ ይቀመጣሉ። ያ ድርሰት የእኔ እንዲሆን ፈለግኩ። ሽልማቱ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። አባቴ ማታ ማታ ከእንግዶቹ ጋር ቅኔ ሲሰማማ «ይበል!» ሲል እሰማዋለሁ። እኔ ደብተሬን ይዤ ቀርቤ «አባባ፣ ላንብብልዎ?» ስለው ግን፣ «እዚያ አስቀምጠው፣ አየዋለሁ» ይለኛል። አያየውም። አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠ ግን የት ይሄዳል?

አጠገቤ የሚቀመጠውን ጓደኛዬን ምስጢሩን ጠየቅኩት። ምንም አልደበቀኝም።

«አዳዳ ናት» አለኝ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት።

«አማርኛ ታውቃለች?»

«‹እንዴት አደራችሁ› ማለት ታውቃለች።»

«ማንበብስ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርሰቱን ከመጻፉ በፊት በኦሮምኛ ያጫውታታል። እሷም ሥራዋን እየሠራች ትሰማለች። «ኤርገ ሰን ሆ?» ከዚያስ? ካለች ይጽፈዋል። ካዛጋች ይተወዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። በሰው በሬ፣ በሰው ልብስ መቅናት የተለመደ ነው፤ በሰው አክስት የቀና ግን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድርሰቴን በብብቴ ይዤ ጨለለቂ ወረድኩ። አዳዳ ደጃፏ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«ኮቱ፣ ኢልመ ኮ! ና ልጄ፣ አረፍ በል። የሰውን ዓይን ያቃጥላል፣ ወደዚያ ራቅ ብለህ።»

በገበያ በለቃቀምኩት ኦሮምኛ የዚያን ዘውድ የማይጭን ንጉሥ ታሪክ ጀመርኩላት። መወለዱን፣ መዝመቱን ነገርኳት።

«ሚስት ነበረው?» አለችኝ።

«መጽሐፉ አይናገርም፣ አዳዳ።»

«እናትስ?»

«እሱንም አይልም።»

«አዬ፣ ምስኪን» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም። ቀና ብዬ ባይ አንዲት በርበሬ በጣቶቿ መካከል እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። በርበሬ እያቃጠላት የተኛች ሴት ዓይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጓደኛዬ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አለችህ?»

«ተኛች።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? የተኛችበትን ቦታ ሰርዘው።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ እኮ ነው ያንቀላፋችው!»

«እንግዲያው አጭር ድርሰት ይሆንልሃላ!» ብሎ እየሳቀ ገባ። አንዳች አልሰረዝኩም። እንዳለ አስረከብኩ።

የእሱ ተመረጠ። ስለ ነገሥታት አንዲት ቃል የለበትም። ድሮ አንድ ሹም የቅዳሜን ገበያ ከኮረብታው ወደ ታች እንዲዛወር አዘዘ። ሴቶቹ እልል ብለው መረቁት፤ በሳምንቱ ግን ቅቤና ጨዋቸውን ተሸክመው ኮረብታው ላይ ተገኙ። ዘበኞች ሲጠይቋቸው «ቦታውን ልንሰናበተው ነው የመጣነው» አሉ። ክረምቱ እስኪወጣ ሲሰናበቱት ከረሙ። በመጨረሻ ዘበኞቹም ቅቤ ገዝተው ተመለሱ። ታሪኩ ይኸው ነው።

መምህሩ ስሕተቱን ካቃና በኋላ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። «ያንተ ጽሕፈት ያምራል፤ አንተ ገልብጥለት» አለኝ። የክፍላችን ወግ ነበር፤ ለበዓል የሚነበብ ነገር ጥሩ እጅ ባለው ይጻፋል። ሁለት ምሽት ተቀምጬ ገለበጥኩት። ከመጽሐፍ መገልበጥ አያምም፤ ከጎንህ ከሚቀመጥ ልጅ መገልበጥ ግን እያንዳንዷን ፊደል ያስቆጥራል። አንድ የማሻሽለው ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። አጣሁ።

በበዓሉ ቀን ጓደኛዬ ቆሞ አነበበ። ሴቶቹ ገበያውን ሊሰናበቱ የመጡበት ቦታ ሲደርስ ደፍሮ የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም የትልቁን ሰው ፊት ያያል፤ ሹምን የሚነካ ነገር ነዋ። መምህሩ መሐረቡን አወጣ። ትልቁ ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ጊዜ ነው ሰው ሁሉ የፈነዳው። እኔ አባቴን ነበር የማየው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይበል! ይበል!» አለ። ያን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የነበርኩ እኔ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጫለሁ።

ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አባቴ ተጠግቶ አየው።

«ይህ ያንተ እጅ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባባ።»

«እጅ ጽሕፈትህ ደኅና ነው» አለኝ። መንገድ ላይ ደግሞ፣ «ያ ልጅ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቤት እስክንደርስ ስለ እሱ አወራ።

ጓደኛዬ አክስቱ ከሞተች በኋላ አንድ መስመር አልጻፈም። ጊምቢ መድኃኒት ቤት ከፍቶ በደስታ ይኖራል። እኔ መጻሕፍት ጽፌአለሁ፤ አንዳንዶቹ ወፍራም ናቸው። የነቀምቴ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ትከሻዬን ይይዝና፣ «አንተ፣ ያ የገበያው ድርሰት እንዴት ያለ ነበር!» ይለኛል። የእኔን መጽሐፍ ማንበቡን ስጠይቀው መጽሐፉ ቤቱ እንደሚገኝ ይነግረኛል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በዚያ አዳራሽ ከነበርክና ከዚያ ድርሰት አንዲት መስመር እንኳ ካስታወስክ፣ እባክህ ለእኔ አትንገረኝ።