የካርቶኑ ገዳም መጋረጃ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ካስልሪጅ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ስንኖር፣ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ "እማማ፣ ገዳም መሥራት አለብኝ" አለችኝ።

"በዚህ ዕድሜሽ ልትመንኚ?"

"ኖ! በካርቶን። ፕሮጀክት ነው።"

ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ ዘረጋችልኝ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው የዳሩኝ፤ እንግሊዝኛውማ ጭራሽ አይሞከርም። እሷ እያነበበች በምትችለው አማርኛ ነገረችኝ። ገዳሙ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ፈረንጆች የሠሩት ነው። የድሮው ጣሪያ እንጨት ስለነበር እሳት እየበላ አስቸገራቸው። ስለዚህ በድንጋይ ጎበጥ አድርገው ሠሩት። ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፋው ግድግዳው ወፈረ፤ ግድግዳው እንዳይደክም ደግሞ መስኮቱ ጠበበ። በሩም መስኮቱም አናቱ ግማሽ ክብ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን አራት ማዕዘን ግቢ አለ፤ ዙሪያውን መነኮሳቱ ዝናብ ሳይነካቸው የሚመላለሱበት ጣሪያ ያለው መንገድ።

"ማንበብ የማይችሉት፣ የሚያርሱት መነኮሳት ከኋላ ነው የሚቆሙት" አለች።

"ያረሰው ከኋላ፣ የበላው ከፊት? ይሄ ፍርድ ነው?"

"እማማ፣ እኔ አይደለሁም የሠራሁት!"

ለማንኛውም ሥራውን ጀመርን። ግድግዳው እንዲወፍር የቁርስ ካርቶን ደራርበን በዱቄት ሙጫ አጣበቅን። ለጎባጣው ጣሪያ የወጥ ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን ቱቦ ለሁለት ሰነጠቅን፤ እንደ ድስት ክዳን የሚነሳ አደረግነው። የምሥራቁን ጫፍ በጣሳ ላይ ጠምዝዘን ግማሽ ክብ አወጣንለት። እዚያ ውስጥ የክብሪት ሳጥን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን መሠዊያ ብለን አስቀመጥን።

እዚህ ላይ እጄ አላርፍ አለ። መቅደስ ያለ መጋረጃ አይቼ አላውቅም። ካረጀ ቀሚሴ ቀይ ቁራጭ ቀድጄ ሰቀልኩበት።

"መጽሐፉ ላይ የለም" አለችኝ።

"መጽሐፉ ቢረሳ እኛም እንርሳ? ይህን ከቄስ በቀር ማንም አይከፍተውም። ሰምተሻል?"

ሰምታለች። ጥሩ የተሠራው ሥራ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ይቀመጣል ስለተባለ፣ በነጋታው ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ እንባዋን እየዋጠች ተመለሰች። ማርክ ተቀንሶባታል፤ "መሠዊያ የለውም" ተብሏል።

"በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት መሠዊያ! ኮቴን አምጪ!"

"እማማ፣ ቲቸሯ መጋረጃውን ልትከፍት ስትል እኔ እጇን ያዝኩ። አይቻልም አልኳት።"

ኮቴን ግን ለብሻለሁ። በማግስቱ ጠዋት አስተማሪዋ ፊት ቆምኩ፤ የልጅ ልጄ ታስተረጉማለች።

"የሠራችውን ሥራ የለም ማለት ደግ ነው?" አልኩ።

አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ አልተቆጣችም። "ታዲያ ክፈቱልኝና ልየው" አለች።

እኔና ልጂቱ ተያየን። እሷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። እኔም አልዘረጋሁም። እውነቱን ለመናገር ተጨነቅሁ። ሴትዮዋ ያላየችውን ምን ብላ ትመዝን? ፍርድ እወዳለሁ እያልኩ እንዴት እንዲህ ያለ ፍርድ እጠይቃለሁ? መጋረጃውን ልክፈተው እንዳልል ደግሞ በራሴ አፍ ያልኩትን ለልጂቱ ምን ብዬ ላፍርስ?

"እማማ" አለች ልጂቱ ድንገት፣ "ከላይ ማየትስ ይከለከላል?"

"ከላይ የሚያየው እግዜር ነው" አልኩ። አሰብ አደረግሁ። "በሰው በኩል ግን ከላይ አትዩ ያለ የለም።"

ልጂቱ የጣሪያውን ክዳን አነሳች። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች፤ የክብሪት ሳጥኑ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። የመሠዊያውን ማርክ መለሰች። ከዚያ ወደ መጋረጃው በጣቷ ጠቆመች። "ይህ ግን በእናንተ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በመጽሐፉ ገዳም የለም" ብላ ትንሽ ቀነሰች።

የእኛን ነገር ሰው ቤት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ልክ ናት።

"ብታነሱት ይህንንም እመልስላችኋለሁ" አለች።

ልጂቱ ቀና ብላ አየችኝ። "ምርጫው ያንቺ ነው" አልኳት፤ ማርኩ የሷ ነዋ።

"ይቀነስ" አለች።

ገዳሙ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ፣ ክዳኑ ከጎኑ ተቀምጦ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ሰነበተ። ልጆቹ በእግር ጣታቸው ቆመው ከላይ ያዩታል፤ እኔም ልጂቱን ላመጣ በሄድኩ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ።