የቅበላው ሥጋና የበረዶው ዋሻ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2010 ነው፤ የምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ በበረዶ ተውጣ በሰነበተችበት ክረምት። ዛሬም በረዶ በጣለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ከሸቀጤ ጋር አብሬ ተቀብሬ ነበርና።

ሥጋ ቤቱን ከከፈትኩ የመጀመሪያዬ ቅበላ ነበር። ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ሁለት በሬ አስገባሁ። ዐቢይ ጾም ከገባ ማን ይገዛኛል? ወዲያው በረዶው መጣና ፓወር ጠፋ። ፍሪጁም ዝም አለ።

ባለቤቴ ሰናይት፣ "ውጭው ሁሉ ፍሪጅ አይደል እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ሜዳ ላይ ብተወው የሰፈሩ ራኩኖች፣ እነዚያ ቆሻሻ በርባሪ አውሬዎች፣ ከክርስቲያኑ ቀድመው ይቀበሉበታል። ከሱቁ ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ጥግ፣ ጠራጊው መኪና የከመረው የበረዶ ተራራ ነበር። አካፋ ይዤ ጎኑን ፈለፈልኩት። ከሰዓት ላይ ሰው የሚያስቀምጥ ዋሻ ወጣው። ለብርሃን ብዬ ጣራውን በእንጨት በሳሁ፤ ሥጋውንም ጠቅልዬ አስገባሁ። ሰናይት ወደ ቤት ሄደች። እኔ መሃሉ ተቀምጬ የእጄን ሥራ ሳደንቅ፣ መኪናው ተመልሶ መጣና ሌላ ክምር በሩ ላይ ገፍቶ ሄደ።

ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። አካፋው ውጭ፣ ስልኬም ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ቧጠጥኩ። ስለ ሥጋው ማሰብ ያቆምኩት ያኔ ነው።

ብዙ ቆይቶ በቀዳዳዋ የሰው ቁጣ ሰማሁ። ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ ሻኛ ያዘዙኝ ሽማግሌ ደንበኛዬ። በእግራቸው መጥተው ሱቁ ቢዘጋባቸው ወደ ጀርባ ዞረዋል።

"አንተ ቀጣፊ! በዚህ ብርድ አስመጥተኸኝ ትጠፋለህ?"

"ጋሽ ዘውዴ! እዚህ ነኝ፣ በረዶው ውስጥ!"

"እዚያ ደሞ ምን ትሠራለህ?"

"ሥጋዎን እየጠበቅኩ ነው! ያውጡኝ በእናትዎ!"

በእጃቸው ጀመሩ፤ ኋላ የቆሻሻ በርሜል ክዳን አግኝተው ዛቁ። ጭንቅላቴ ብቅ ሲል እያለከለኩ፣ "ሥጋውስ?" አሉኝ።

"ከእኔ ይሻላል።"

እዚያው ዋሻው ውስጥ ቁርጥ ቆረጥኩላቸው። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ በእግሩ መጣ፤ ጾሙ ሳይገባ አንድ አጥንት አልተረፈኝም።

አሁን ጄኔሬተር አለኝ። ደንበኛው በስልክ አዝዞ ከመኪናው ሳይወርድ ይወስዳል። ይመቸኛል፣ አልዋሽም። ግን ቅበላ ሲደርስ ያቺን የፓርኪንግ ጥግ ወጥቼ አያታለሁ። ደንበኛ ሞልቶኛል፤ ቆፍሮ የሚያወጣኝ ስንቱ እንደሆነ ግን እንጃ።