ለአገረ ገዢነት የቆመችው የግቢው ሚስት

አሪንኬ በሙሽርነት ወደ ላዲፖ ግቢ ስትገባ ጎኬ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ወግ ደግሞ ወግ ነው፤ ከእሷ በፊት በግቢው የተወለደ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ገና በዳዴ የሚሄድ ቢሆን እንኳ፣ ባሏ ነው። ስሙን አትጠራም፤ አንተ አትለውም። ስለዚህ ያን ንፍጡ የሚዝረበረብ የባሏን ታናሽ ወንድም ጎንበስ ብላ አየችውና፣ ሲስቅ ጥርሱ አማራትና፣ "ጥርሰ በረዶ" ብላ ስም አወጣችለት። ግቢው ሳቀ፤ ወደደላትም። ከዚያ ወዲህ ስታጥበውም፣ ስታዝለውም፣ ትምህርት ቤት ስትሸኘውም "ጥርሰ በረዶ፣ እግርዎን ያንሡ፣ ጥርሰ በረዶ፣ ይብሉ እንጂ" ነበር። እሱም ቀሚሷን ጎትቶ "ሚስቴ፣ ራበኝ" ይላት ነበር።

የተወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ በጎረቤት ግዛት ነው። ባሏ ላዲፖ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር፤ ደመወዙ ወሩን ስለማያደርስ እሷ ከቤቱ ጓሮ በጭቃ ምድጃ ዳቦ መጋገር ጀመረች። እሱ ከሥራ በፊት በብስክሌት ያዞርላት ነበር። ኮሮጆውን ከኋላ ጭኖ፣ የሱሪውን ጫፍ በገመድ አስሮ፣ ደወሉን እያቃጨለ ሲወርድ፣ የኢጆዳ ከተማ ሰው ሰዓቱን በእሱ ያውቅ ነበር። ዓመታት አልፈው የጭቃው ምድጃ ትልቅ ዳቦ ቤት ሆነ፤ ብስክሌቱም መኪኖች። "የአሪንኬ ዳቦ" በግዛቱ ያልደረሰበት ገበያ አልነበረም። ልጅ ግን አልወለደችም። በዚያ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ አሪንኬ የምትጠራበት ልጅ ስለሌላት ከተማው "እማማ ዳቦ" አላት።

ላዲፖ ሲሞት፣ እንደ ቤት ልጅነቱ፣ ከቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት ቀበሩት፤ ላዩን ነጭ ሴራሚክ አለበሱት። ከመቃብሩ ጎን አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍት መሬት ቀረ። ለምን እንደቀረ ማንም አልተናገረም። አሪንኬ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ከመሄዷ በፊት ትጠርገው ነበር። ዛፍም አልተከለችበትም፣ ልብስም አላሰጣችበትም።

ነገሩ የተጀመረው በመንገድ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት የዱቄት መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ፤ ዱቄቱ እዚያው ቦካ። ለአቤቱታ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄደች። እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ የሰካ ጎረምሳ ሹም ቀና ብሎ አያት።

"እማማ ዳቦ፣ ለመሆኑ የየት አገር ሰው ነሽ?"

"የኢጆዳ ነኛ።"

"የባልሽን አይደለም የጠየቅኩት። አባትሽ የየት ነው?"

ነገረችው።

"እንግዲያ አቤቱታሽን ለአባትሽ ግዛት አታቀርቢም? የእነሱም መንገድ ተቆርጧል አሉ!"

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን እቤት ድረስ አብሯት ሄደ።

ፋኖስ ምልክቱ የሆነ አንድ ትንሽ ፓርቲ ለአገረ ገዢነት ተወዳዳሪ ሲፈልግ፣ ስሟ በየቤቱ ስለሚገባ ወደ እሷ መጣ። እሺ ከማለቷ በፊት ወንዙን ተሻግራ ታላቅ ወንድሟን አማከረችው፤ ምናልባት እዚያ ብቆም ይሻል ይሆን ብላ። ወንድሟ ወንበር ሰጣት፣ ምሳ አበላት፣ እጁን ታጠበና፣ "እህቴ፣ እኛ አንቺን መርቀን ሸኝተናል። ያባታችን ቤት ያላንቺ መኖር ከለመደ ሠላሳ ዓመቱ ነው። የባልሽ አገር ሰው ነሽ" አላት። በአውቶብሱ ስትመለስ ወንዙን ቁልቁል አየችው። በሙሽርነቷ ስትሻገረው እንዲህ ሰፊ አልመሰላትም ነበር።

የላዲፖን ዘመዶች ሰበሰበችና ፊታቸው ተንበረከከች። ከመካከል የተቀመጠችው የላዲፖ ታላቅ እህት አሻኬ ናት፤ በወጉ የአሪንኬ ታላቅ ባል እሷ ነች። አሻኬ ምላሷ ስለታም ነው።

"ዛሬ ደግሞ ምን ጋገርሽልን፣ ሚስታችን?"

"ለአገረ ገዢነት ልወዳደር ነው፣ ባሌ። ፈቃድዎን ልጠይቅ መጣሁ።"

ሳቁ ፈነዳ። "ዳቦ ቤቱ ጠበባት!" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"የእኛ ሽንት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ እሷ ቤተ መንግሥት ልትገባ!" አለች አሻኬ፤ ግን እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ለምርቃት የሚቀርበውን ኮላ ፍሬና ማር አስመጣች፤ ከማሩ በጣቷ ነክታ አሪንኬን አቀመሰቻት፤ እጇንም አናቷ ላይ ጫነች። "የረገጥሽው መሬት ይሁንሽ። የተናገርሽው ይሰማልሽ። ከፍ በይ፣ ማንም አያውርድሽ።"

"አሜን!" አለ ግቢው በአንድ ድምፅ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የጎኬ ነበር። ጎኬ አሁን አስተማሪ ሆኗል፤ ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ በሰፈሩም ከፋኖሱ ጋር የሚፎካከረው የትልቁ ፓርቲ ሰው ነው።

አሪንኬ እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች። በዚያ አገር ተንበርክካ የለመነች ሚስት ምርቃት አትከለከልም፤ ጠላትም ብትሆን። ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ ስንቷን ምራት አስመርቃለች። ግን ሰው የፈለገውን ሲሰማ የሚያውቀውን ይረሳል። ምርቃቱን ቃል ኪዳን አድርጋ ወሰደችው።

የምርጫው ሰሞን ዳቦው የሚጠቀለልበት ላስቲክ ላይ ፊቷን አሳተመች፤ ራሷን በሰማያዊ ሻሽ ጠቅልላ፣ ፈገግ ብላ። ከጭቃው ምድጃ ጀምሮ አብሯት ያለው ዋና ጋጋሪ ሙሪ ላስቲኩን ከብርሃን ፊት ዘርግቶ አየው።

"እማማ፣ ሰው እኮ ፊትዎን ቀዶ ነው ዳቦውን የሚበላው።"

"ይቅደደው። ልቡ ካስገባኝ።"

"ሆዱ ነው የሚያስገባዎት፣ እማማ።"

"ወሬህን ትተህ ምድጃውን እይ!"

ድምፅ ማጉያ በዳቦ መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስራ ግዛቱን ዞረች። የገበያ ሴቶች ጨፈሩላት፤ ሽርጣቸውን እየፈቱ መንገዱ ላይ አነጠፉላት። ስለ መንገድ ተናገረች፣ ስለ መብራት ተናገረች፤ ድምፅዋ ዘግቶ በምልክት እስክታወራ ድረስ። የትልቁ ፓርቲ ጎረምሶች ከመኪናዋ ኋላ እየሮጡ "ዳቦሽ ለሆዳችን፣ ድምፃችን ለልጃችን!" እያሉ ይዘፍኑ ነበር። ግጥሙ ይጥማል። አንድ ቀን ሙሪ ሳያውቀው ሊጥ እየቆረጠ ሲያንጎራጉረው ሰማችው፤ እሱ ደነገጠ፣ እሷ ሳቀች። የሰው አገር ሰው ቢሏት አልደነቃትም። ግቢዬ አለ፣ ትል ነበር በልቧ። ሌላው ቢቀር ኢጆዳ የእሷ ናት፤ ግቢዋ ከቆጠራት ተቆጠረች ማለት ነው።

በምርጫው ቀን ነጭ ለብሳ ዳቦ ቤቷ ፊት ለፊት ካለው ትምህርት ቤት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተሰለፈች። የግቢው ሰው ሁሉ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው። ጎኬ የትልቁ ፓርቲ ታዛቢ ሆኖ ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጧል። አሻኬ ድምፅ ሰጥታ ስትወጣ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን እያወዛወዘች "ሚስታችን፣ ይኸው፣ አረጀሁ እንጂ አልቀረሁም!" አለቻት።

"እግዜር ያቆይልኝ፣ ባሌ።"

ሲመሽ ሳጥኑ በአደባባይ ተከፈተ። ወጉ ደስ ይላል፤ አስመራጩ ወረቀቱን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሕዝቡ በአንድ ላይ እየጮኸ ይቆጥራል። ለትልቁ ፓርቲ ሲቆጠር ልጆች ዛፍ ላይ ሆነው ቆጠሩ፣ መንገደኛው ቆሞ ቆጠረ፤ ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ ዘፈን ሆነ። ጎኬም ቆጠረ፤ ሥራው ነው።

ከዚያ የፋኖሱ ተራ ደረሰ። እፍኝ የማይሞላ ወረቀት ነበር። አስመራጩ የመጀመሪያውን ከፍ አደረገ። ማንም አፉን አልከፈተም። ሁልጊዜ ለተሸነፈውም ይቆጠርለታል፣ ለቀልድም ቢሆን። ያን ቀን ግን ሰዉ አፈረ፤ አንዱ መሬት ያያል፣ ሌላው የማንጎውን ቅጠል። አስመራጩ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

"አንድ" አለች አሪንኬ።

የዘጋ ድምፅዋ የተሰነጠቀ ቧንቧ ይመስል ነበር። አስመራጩ ቀጠለ። "ሁለት" አለች። "ሦስት።" ብቻዋን ቆጠረች። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ የሰውየው እጅ ባዶውን ወረደ።

ሙሪ ከጎኗ ቆሞ ነበር። "እኔና የዳቦ ቤቱ ልጆች ስምንት ነን፣ እማማ" አላት በሹክሹክታ። ዘጠነኛዋ ራሷ ነች። ከዚያ በላይ የሚሰላ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ሬዲዮው የተወዳዳሪዎቹን ስም ሲያነብ እሷ ጋ አልደረሰም፤ "ሌሎች" ብሎ ጠቀለላቸው።

ጎኬ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ መጣ። ከዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ።

"ሚስታችን፣ ተቀየምሽኝ?"

"ጥርሰ በረዶ፣ አሜን ብለው ነበር እኮ።"

"ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ምርቃት ሌላ፣ ድምፅ ሌላ።"

"እንዴት ሌላ ይሆናል?"

"እኔን ለማሳደግ ብትወዳደሪ ማንም አያሸንፍሽም ነበር።" ሳቅ ሊል ሞከረ፤ ጥርሱ አሁንም ያምራል። "ሰዎቹ ግን፣ የማን ልጅ ናት? አሉኝ። የማን ልጅ ናት ልበል?"

"የማን ሚስት ናት አይሉም?"

"አይሉም" አለ ጎኬ። "እሱን እንኳ ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ።"

ሲሄድ እንደ ወትሮው ትኩስ ዳቦ በእጁ አስያዘችው።

ፊቷ የታተመበት ላስቲክ ገና መጋዘኑን ሞልቶ ነበር። ሙሪ ምን እናድርገው ሲላት "ገልብጡት" አለችው። ገለበጡት። ከዚያ በኋላ ኢጆዳ የገዛው ዳቦ ሁሉ ከውጭ ባዶ ነው፤ ሲፈታ ብቻ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ከውስጥ ፈገግ ብላ ዳቦውን ታያለች። ላስቲኩ በየቦዩ ተጣለ፤ ልጆች ከእንጨት ጋር አስረው በነፋስ አበረሩት። ዳቦ ቤት ስትሄድ ከራሷ ፊት ላይ ላለመራመድ መንገድ ትቀይር ነበር።

የበጋው አቧራ ሲነሣ ዱቄት ልትገዛ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ የግቢው በር ተከፍቶ ሕፃናት ይዘላሉ። ትልቁ ፓርቲ ለጎኬ ውለታ የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሮለታል። አራት የብረት እግር በሲሚንቶ ተተክሎ፣ ከላዩ ጥቁር ሮቶ ተቀምጧል። የተተከለው ከላዲፖ ጎን ነው። የጠረገችው መሬት ከሲሚንቶው በታች ነበር።

"ሚስታችን፣ እልል በይ እንጂ! ውሃ መጣልን!" አለች አሻኬ።

"ቦታው…" አለች አሪንኬ።

"የቱ ቦታ?"

"ከላዲፖ ጎን ያለው።"

"ባዶ አልነበረም እንዴ?" አሻኬ መለስ ብላ አየችው፤ ከዚያ አሪንኬን አየች፤ ነገሩም ቀስ እያለ ገባት። ስለታም ምላሷ ለዘበ። "ልጄ" አለቻት፤ እንዲህ ብላት አታውቅም ነበር። "ሚስት ስትሞት ወደ አባቷ ቤት ነው የምትሸኘው። እናቴም የሄደችው እንዲያ ነው። ማንም አልነገረሽም?"

"ላዲፖ እዚህ ነሽ ብሎኝ ነበር።"

"ላዲፖ ደግ ነበር" አለች አሻኬ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሊጥ እያቦኩ ሳሉ ጎኬ ገባ። ባልዲ በሁለት እጁ ተሸክሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። አሻኬ እየሣቀች ተከትላው በሩ ላይ ቆመች።

"ሚስታችን! የመጀመሪያውን ለማንም አልሰጥም ብዬ፣ ለዳቦሽ ይዤልሽ መጣሁ!"

አሪንኬ ክንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። ቀና ብላ አላየችውም።

"ጎኬ" አለች። "እዚያ አስቀምጠው።"

ሙሪ ቢላዋውን አቆመ። አሻኬ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ያዘች። ጎኬ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል፣ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ባልዲውን ከጠረጴዛው ሥር፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ አስቀመጠ።  "ሚስታችን" የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

"እሺ፣ እማማ ዳቦ" አለ፤ ማንኛውም የመንገድ ሰው እንደሚላት።

ሲወጣ አሪንኬ ባልዲውን አንሥታ ዱቄቱ ላይ ገለበጠችው። ውሃው ጥሩ ነበር፤ ጥሩም፣ ቀዝቃዛም። ዳቦው ያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ተነሣ።