የእትዬ ሐምዲያ ለቅሶ

በጣሊያን ዘመን ምድር የተንቀጠቀጠች ዕለት ቀወት ውስጥ ዶሮ ሁሉ ሳይወድ በረረ። የካራቆሬ ተራራም ወደ ሸዋሮቢት ሊወርድ ተነሥቶ፣ ሙቀቱን ሲያስበው ተመለሰ ይባላል። ጎጆው ተደፋ፤ የጣሊያንም ግንብ ተናደ። የከፋው ግን ምንጩ ነው፤ መንገዱን ስቶ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ሄደና ሰዉ ማሽላውን የቀበረበትን ጉድጓድ ሞላው።

የተረፈው ጉብታ ላይ ያለው የእትዬ ሐምዲያ ጉድጓድ ብቻ ነበር። እኚህ ምላሳቸው እሾህ የሚነቅል ባልቴት፣ ጉድጓዱን ከጣሊያን ለመደበቅ የፍየል በረት ሠርተውበታል። ከታወቀባቸው እህሉ ለጣሊያን በቅሎ ይጫናል። ዝም ካሉ ደግሞ መንደሩ ይራባል።

"የጎረቤት ሆድ እየጮኸ እኔ አልተኛም" አሉና ለቅሶ ተቀመጡ። ቤታቸው ስለፈረሰ ፍየሎቹን አስወጥተው በረቱ ውስጥ ሰሌን አነጠፉ።

የመንደሩ ሼህ ሳልህ ነገሩ ገባቸው። "ሐምዲያ፣ ውሸት ሐራም ነው። ማን ሞተብኝ ልትዪ ነው?"

"አጎቴ አብዱልወሃብ ሞተው የለም ወይ?"

"እሳቸውማ የሞቱት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው።"

"ታዲያ መቼ ብሎ የጠየቀኝ አለ?"

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዕቃውን ሞልቶ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። የመንደሩ ሴቶች ግን ባዶ ቅል በነጠላ ሸፍነው እየገቡ፣ ሙሉውን ይዘው ይወጡ ጀመር። አልቃሽን የሚፈትሽ የለም። ሟቹን አንዷ "ሎጋው" ስትል ሌላዋ "አጭሩ አንበሳ" አለች። ማንም አላረማትም።

ግን ልቅሶው ከልክ አለፈና ለጣሊያን ባደረው በታደሰ ጆሮ ገባ። ባንዳም ቢሆን የቀወት ልጅ ነው፤ ለቅሶ ሰምቶ አያልፍም። አብሮት ያለውን ጣሊያን ደጅ አቁሞ ገባና ልክ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ልቅሶው ቀጥ አለ። የጉድጓድ ማሽላ የኮመጠጠ ሽታ በሰሌኑ ሥር ሽቅብ ይተነፍሳል፤ ያንን ሽታ ቀወት ያደገ አፍንጫ አይስተውም።

"እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ ሐምዲያ።"

"አሚን፣ ታደሰ።"

ሰሌኑን በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የእናቴም ጉድጓድ ውሃ ገብቶበታል" አለ።

እትዬ ሐምዲያ ትክ ብለው አዩት። "ታዲያ ምነው እናትህ እስካሁን ለቅሶ ሳትደርሰኝ? ወግ አታውቅም? ነገ ትምጣ በላት። ነጠላዋ ሰፊ ይሁን።"

ታደሰ ወጣና ጣሊያኑን "አጎታቸው ሞተው ነው፤ ገና ብዙ ያለቅሳሉ" አለው።

በማግስቱ የታደሰ እናት እትዬ ወርቅነሽ መስቀላቸውን በአንገታቸው እንዳደረጉ መጥተው፣ ለማያውቋቸው እስላም አጎት እስከ አሊዩ አምባ የሚሰማ ልቅሶ አለቀሱ። ሲወጡ ጥርስ በሌለበት ዕድሜያቸው የደረሰች እርጉዝ መስለው ነበር። ደጅ የቆመው ጣሊያን ቆቡን አንሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው።

አጎት አብዱልወሃብም እሸት እስኪደርስ ድረስ ተለቀሰላቸው።