የቤቱ ነዋሪዎች ብዛት፦ አንድ

ታላቅ እህቴን ሰፈርተኛው «ስንት ወጣ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጠይቅ ይዛ በየቤቱ እየዞረች፣ ሰው ለሕክምና ስንት እንዳወጣ ትጠይቃለች። መሥሪያ ቤቷ ቁጥሩን ደምሮ አንድ ቤተሰብ በዓመት ለጤናው በአማካይ የሚያወጣውን ያትማል። ሰው ደሞዙን ይደብቃታል፤ የኪንታሮቱን ነገር ግን ሳትጠይቀው ይዘረዝርላታል። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «የቅባቱን ዋጋ ብቻ ይንገሩኝ» ትላለች።

ዘንድሮ ዕጣው የእኔን ቤት አወጣ። ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅም የሚል ደንብ አለ። ሆኖም ባልደረባዋ ታሞ ስለቀረ አለቃዋ «ግቢና ጨርሺው» አላት።

የቤቴ ቁልፍ እያላት አንኳኳች።

«እንደምን ዋሉ? ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት።»

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ይቀመጡ።»

እሷ የባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከእኔው በቀር ሌላ ወንበር የለም።

«በአሁኑ ጊዜ በዚህ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ስንት ናቸው?»

ባለቤቴ ከሞተች አራት ወሯ ነበር።

«አንድ» አልኩ።

ጻፈች። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከቤቱ ነዋሪዎች መካከል የታመመ አለ?»

«እሷስ?»

«መጠይቁ አሁን ያለውን ሰው ነው የሚቆጥረው።»

«ሁለት ብለሽ ጻፊዋ! ማን ያያል?»

«ውሸት አልጽፍም።»

ባለቤቴን ስድስት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ተራ ገብታ ገላዋን ያጠበቻት እህቴ ነበረች። ከዚያ በላይ አልተከራከርኳትም።

«እኔን አንዴ ራሴን አሞኝ ነበር» አልኩ። «አንድ ፍሬ ክኒን ገዛሁ።»

ዋጋውን ጻፈች። የስፌት መኪናው የነበረበት ጥግ ባዶውን ነው፤ መኪናውን ለባለቤቴ ሕክምና ሸጠነዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ቤቴ የአንድ ክኒን ቤት ሆነ።

በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «አስተያየት» የሚል አምስት መስመር አለ። እዚያ የሚጻፈው ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «እዚያ ላይ ቀለም አትጨርሱ» እያለች የምታስተምረው እሷው ናት። አሁን ገጹን ገለጠች።

«ከመጀመሪያው ምርመራ ይጀምሩ» አለችኝ።

ምርመራውን፣ መርፌውን፣ የአልጋውን ኪራይ ነገርኳት። መስመሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ቀጠለች። እኔ የረሳሁትን የፔርሙዝ ዋጋ እሷ አስታወሰችኝ።

«የታክሲስ?»

«ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቅም።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ» አለችና ጻፈች።

«ይኼን ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

አስፈረመችኝ። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ብላ ወጣች። በሩን ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ በቁልፍ ተከፈተ።

«ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።