ያልቀመስኩት ሙቹዋ

እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ወደ አገር ቤት የምደውልበትን ካርድ በጥፍሬ ፋቅኩ። ብርማው ብናኝ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀረ። ታናሽ እህቴ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ ኖርዌይ ብርድ ነው፤ በረዶው ጉልበትሽ ደረሰ ወይ እያለች ትስቃለች። የዚያን ዕለት ስለ ብርዱ አልጠየቀችኝም።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ምን ተከትሎት እንደሚመጣ የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። እማዬን አሰብኩ። አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ ግን «አለ» አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ብቻዬን መሆኔን ካወቀች ሳትነግረኝ ትዘጋለች ብዬ ነው።

«እማዬ ደህና ናት፣ አትደንግጪ። መምህርሽ ናቸው፤ ተበላ ከተማ አጠገብ ያሉት። ሐሙስ ተቀበሩ።»

በዚያች ቅጽበት ፊታቸው አልመጣብኝም። የመጣብኝ ክዳኑ እንደተገጠመ ጠረጴዛ ላይ የቀረ የሸክላ ሳህን ነው። ያን ያህል አገር አቋርጦ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ፣ ቅቤው ሸተተኝ። እህቴ ስለ ቀብሩ ሕዝብና ስለ መዘምራኑ ስትነግረኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሰማኋት። ስለ ሳህኑ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

መምህሬን ያወቅኳቸው ሶዶ ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ባዮሎጂ ያስተምሩን ነበር። ክፍሉ ሲንጫጫ ድምፃቸውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ ያደርጉታል፤ ያኔ እኛ ለመስማት ስንል ጸጥ እንላለን። ላብ የምንለው የቤተ ሙከራ ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ፀሐይ ሲበረታ የፎርማሊኑ ሽታ ዓይን ያስለቅስ ነበር።

ዐቢይ ጾም ነበር፣ አጋማሹ ላይ። ከሰዓት በኋላ እንቁራሪት እየቀደድን ሳለ ዓይኔ ጨለመና ወደቅኩ። ስነቃ የሰማሁት የአንድ ተማሪ ድምፅ ነው፦ «እንቁራሪቷን ተዋትና እሷን ቅደዳት፤ ሆዷ ውስጥ ምንም የለም።» ክፍሉ ሳቀ። መምህሬ አልሳቁም። ሲያበቃ ቢሯቸው ጠሩኝ።

ፈርቼ ነው የገባሁት። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ያገለግላሉ። በዚያ ዘመን በእኛና በእነሱ መካከል በየመንገዱ ክርክር ነበርና፣ ጥቅስ ይጠቅሱብኛል ብዬ መልሴን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የማትበዪው?» አሉኝ።

«እስከ ዘጠኝ፣ ቲቸር።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ፕራክቲካሉ ከከሰዓት ወደ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተዛወረ፤ ለምን እንደሆነ ለክፍሉ አልተናገሩም። በየዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ መሳቢያቸውን ይከፍቱና በጋዜጣ የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ ያወጣሉ። «ዘጠኝ ሆነ፤ አሁን ሁለታችንም ነፃ ወጣን» ይሉኛል። ሁለታችንም ማለታቸውን ቀልድ አድርጌው ነበር። በእነዚያ ቀናት እሳቸውም ምሳ እንደማይበሉ የነገረችኝ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ።

ከዚያ ኑሮ ወሰደኝ። አሁን የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ የሰው አገር ሽማግሌዎች አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። እዚህ እንደ እኔ የሚጾም ጎረቤት የለኝም። ጾሜን ሳላጓድል የያዝኩት ከሌላው በልጬ አይደለም፤ ከእናቴ ቤት ይዤው ከወጣሁት ነገር ሳይጠፋብኝ የቀረ እሱ ስለሆነ ነው። በተለይ ፍልሰታን። ፍልሰታን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከአገር በወጣሁ በስድስተኛው ዓመት ወደ ሶዶ ስመለስ ፈቃድ ያገኘሁት በነሐሴ ነበር። የዳሞታ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ ይውላል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የቤታችን ግድግዳ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። በመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ ጠየቅኩ። የሞቱትን አለቀስኩ፣ የተወለዱትን ሳምኩ። ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ፣ ያኔ አስተማሪ ሆና ነበር፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ትመጣለች። እሷም ፕሮቴስታንት ናት፤ አፏ ግን ለማንም አይመለስም።

«ፈረንጅ አገር ሄዳ ጾም ትረሳለች ብለን ነበር» አለቻት እናቴን፣ «ይባስ ብላ መነኩሴ ሆና መጣችልሽ።»

እናቴ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ በልተሽ በልተሽ በሩ ሊጠብሽ ነው» አለቻት።

መምህሬ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ተበላ አጠገብ፣ ገብተው ነበር። እንደምንመጣ ጓደኛዬ ቀድማ ላከችባቸው። እኔ ኪዳን አድርሼ ተነሳሁ። እስከ ተበላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ጓደኛዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከፊቴ እየተንሸራተተች፣ «ይኼን ጭቃ ናፈቀኝ ስትዪ አልነበር? በይ ጠግቢው» ትለኛለች። ከሶዶ ይልቅ እዚያ ሙቀት አለ፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በነፋስ ይንሿሿ ነበር።

መምህሬ አጥሩ በር ላይ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። ኮሌጅ የማውቀውን ቡናማ ኮት ለብሰዋል። ኮቱ የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸው ነበር፤ አንገታቸው ኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል።

«ሳሮ፣ ሳሮ» አሉ፣ በወላይትኛው ሰላምታ፤ ትከሻዬን ይዘው ደጋግመው ሳሙኝ።

«ቲቸር፣ ከስተዋል እኮ» አልኳቸው።

«ጡረታ ነው። ተማሪ የማያናድደው ሰው ይከሳል።»

ቤቱ ውስጥ ስገባ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ገና የተነጠረ ቅቤ። ባለቤታቸው ክዳን ያለው የሸክላ ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጓዳ ወጡና ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡት። ክዳኑን ሲያነሱት ሙቹዋ ነበር፤ ቆጮው በአይብና በቅመም ታሽቶ፣ ቅቤው ከላይ እንደ ወርቅ ተኝቶበት።

«የጊፋታ ቅቤያቸውን ነው የከፈቱልሽ» አለችኝ ጓደኛዬ በጆሮዬ።

ጊፋታ በመስከረም የሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ እያዋጡ በየተራ ይሰጣጣሉ፤ የደረሳት በማሰሮ አድርጋ፣ አፉን አስራ፣ ለበዓሉ ታቆየዋለች። ከቀኑ በፊት ያንን ማሰሮ የሚከፍት የለም። ባለቤታቸው ለእኔ ከፍተውታል።

መምህሬ ተነስተው ጸለዩ። ጸሎቱ በወላይትኛ ነበር፣ ረጅም ነበር፤ ስሜን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ዓይኔን ጨፍኜ የምለውን ሳዘጋጅ ላብ አጠመቀኝ። አሜን ሲሉ፣

«ቲቸር፣ ጾም ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም ነበር፤ ደገምኩት። «ፍልሰታ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያንቺ ጾም የበጋ አልነበረም?» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለቤቴ ጠይቃኝ ነበር። የልጅቷን ጾም እኔ አውቀዋለሁ፣ በጋ ላይ ነው፣ አሁን ትበላለች አልኳት።»

እሳቸው የሚያውቁት ያንን ቤተ ሙከራው ውስጥ የወደቅኩበትን ዐቢይ ጾም ነው። ያንን ስላልረሱ ነው የተሳሳቱት።

ጓደኛዬ ልታድነኝ ሞከረች። «መንገደኛ ነሽ፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል። አንድ ጉርሻ ብቻ። ማርያምም ይቅር ትልሻለች።»

«አንቺ ደግሞ ማርያምን ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቂያት?» አልኳት። በሰው ቤት፣ በሰው ገበታ ፊት እንዲህ አልኳት። ያች ለማንም የማትመለስ ልጅ ወደ ሳህኑ አቀረቀረች።

ባለቤታቸው የተባለውን ሁሉ አልተከታተሉም፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ ሴትና ወንድም አይለይም። እንዳፈርኩ አድርገው ነው ያዩኝ። ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ።

«ሃያና» አሉ፣ እባክህ ማለታቸው ነው። «ትንሽ ብላ ልጄ። ትንሽ ብቻ ብላ።»

ፊቴን አዞርኩ።

ይህን ነው መናገር የሚያቅተኝ። አፌን አልያዝኩም፣ እጃቸውን አልሳምኩም፣ ዝም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቆየ። ቅቤው በመዳፋቸው ወርዶ እስከ ክንዳቸው ሲፈስ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። መምህሬ በወላይትኛ፣ ዝቅ ባለው በዚያ በክፍል ድምፃቸው፣ አንድ ነገር አሏቸው። ባለቤታቸው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት። ክዳኑን የገጠሙት መምህሬ ናቸው።

«በቆሎ አለ» አሉ። «በቆሎ የማንንም ጾም አይነካም።»

ባለቤታቸው በዝናብ ወጥተው እሸት ቆርጠው መጡና ቀቀሉልኝ። ሁለት ራስ በላሁ። ጓደኛዬ አንድ። መምህሬ አንዱን ይዘው እያገላበጡ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ ነበር።

«እነዚያ ሽማግሌዎች ልጆች የሏቸውም?»

«አሏቸው፣ ቲቸር።»

«ይመጣሉ?»

«በገና ይመጣሉ።»

በቆሎውን ሳይነክሱት መልሰው አስቀመጡት። ሳህኑ መሃላችን ተቀምጦ ነበር፤ እስክንነሳ ድረስ ማንም እጁን አልሰደደበትም።

ሲሸኙን እስከ መንገዱ እወጣለሁ ብለው ግድ አሉ። በየጥቂቱ እየቆሙ ማንጎውን ያሳዩኛል፣ የጎረቤቱን ድንበር ያሳዩኛል። አትክልታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው ብዬ አብሬያቸው ቆምኩ። ለትንፋሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ስንለያይ «በሚቀጥለው ስትመጪ ጾምሽን ቀድመሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ሴትዮዋ ግን ምን አሉ?» አለች።

እህቴ በስልኩ ከነገረችኝ ሁሉ አንዱ ይኼ ነው፤ መምህሬ ከሰኔ ጀምሮ፣ እኛ ቤታቸው ከመሄዳችን በፊት፣ ኦቶና ሆስፒታል እየተመላለሱ ይታከሙ ነበር፤ እንደማይድኑም ያውቁ ነበር። እንግዲህ ያ ማሰሮ የተከፈተው ስንብት መሆኑ ታውቆ ነው። ባልና ሚስት ተመካክረው ነው። እኔ ምሳ መስሎኝ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ጻፍኩላቸው። «ጾምሽን አላፈረስሽም፤ በዚህ ኃጢአት የለብሽም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ፍልሰታ ዛሬም ቢሆን አልበላም። እኔ የጠየቅኳቸው ግን ስለ ኃጢአት አልነበረም። ደብዳቤያቸውን ደጋግሜ ሳነብ ያየሁት፣ የጠየቅኩትን እኔም በደንብ አለመጻፌን ነው። ጊፋታም በመስከረም አልፏል፤ የመጨረሻቸው ነበር። በዚያ ቤት በዚያ ቀን ምን እንደቀረበ አላውቅም።

አንቺ በዚያ ገበታ አጠገቤ የተቀመጥሽ ጓደኛዬ፣ ስለ ማርያም የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ። ይህ ጽሑፍ ሲደርስሽ ተበላ ድረስ ሂጂልኝ። ባለቤታቸው አጠገብ ቁጭ በይና በቋንቋቸው ንገሪልኝ፤ እጃቸውን አየር ላይ ትቼ ፊቴን ማዞሬን እንደማልረሳው ንገሪልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። እኛ ከወጣን በኋላ ያን ክዳን ማን አነሳው? መምህሬ በሉ? አልበሉም ካሉሽ እንዳለ ጻፊልኝ፤ ለእኔ ብለሽ አታለስልሺው። በልተው ከሆነ ደግሞ፣ ጣፍጧቸው እንደነበር ጠይቂልኝ።