የስኳሩ ውኃና ወረፋው

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ሴቶቹ ድንጋይ እየደረደርን ወረፋ እንይዝ ነበር። የድንጋዮቹ ጠባቂ እኔ ነበርሁ። የካድሬው ሚስት እንኳ ስትመጣ «ድንጋይሽ የታለ?» እላት ነበር።

አንድ ጊዜ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጣና ዳር ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አልሆን ስላለው ሆስፒታል አስተኝተው ሊያቃኑላት ገባን። ይች ልጅ ከእናት ካባቷ የወረሰችው፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ሕመም አለባት። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም እንደነገረን፣ ጉበቷ ስኳር ያጠራቅማል እንጂ መልሶ አይሰጥም። ምግብ ከዘገየባት ትዝለፈለፋለች። ታላቅ ወንድሟን ይህን ሳናውቅ ቀብረነዋል።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ሲሰማ በዋዜማው አልጋዋ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ሌሎቹ ልጆች ለማደንዘዣው ሲባል ጾመው ያድራሉ። የእርስዎ ልጅ ግን አምሽታ ትብላ። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ በዚህ ጠርሙስ ያለውን የስኳር ውኃ ያጠጧት። ከዚያ እኔ ግሉኮስ እሰካላታለሁ» አለኝ።

ጎሕ ሲቀድ ጠርሙሱን አነሣሁ። በክፍሉ የነበሩት ሦስት ልጆች ዓይናቸውን ጠርሙሱ ላይ ተከሉ። አንዱማ፣ እናቱ ከመራዊ ያመጣችው የጎናችን ልጅ፣ ከንፈሩን ላሰ። እነሱ ተጠምተው የእኔዋ ብቻ ልትጠጣ? አላደርገውም! ጠርሙሱን ነጠላዬ ሥር ሸጎጥሁት።

ባለሙያው ሲመጣ ልጅቷን ላብ አጥምቋት፣ ብጠራት ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ነበር።

«ጠጥታለች?»

«ሌሎቹ እያዩ እንዴት…»

ሳልጨርስ መርፌውን ሰክቶ ግሉኮሱን ለቀቀው። እመቤቴን ስማጸን ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና «እምዬ፣ ነጠላሽ ረጥቧል» አለችኝ። ጠርሙሱ ፈስሶብኝ ኖሯል!

«እማማ፣» አለ ባለሙያው ላቡን እየጠረገ፣ «ነቅታ ሳለች ስኳሯ ቢወርድ እናያለን። ካስተኛኋት በኋላ ግን ራበኝ አትል፣ አትወራጭ፤ ዝም ብላ ነው የምታመልጠን። ስለዚህ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት። የደሟን ስኳር እየለካሁ ከራስጌዋ አልነሣም።»

«መጀመሪያማ የመራዊዋ ሴት ልጅ ነው! ከእኛ በፊት መጥተዋል» አልሁ። ልብ አልገዛሁም።

የመራዊዋ ሴት ከጎናችን አልጋ ብድግ አለች። «ኧረ እቴ! ሳልወክልሽ ነው የምትሟገችልኝ? የእኔው ቢርበው ሆስፒታሉን በለቅሶ ያፈርሰዋል። ያንችዋ ማልቀሻም የላት። ሂጅ አስገቢ!»

«ወረፋሽ እኮ ነው።»

«ወረፋዬ ከሆነ ለወደድሁት እሰጣለሁ!»

ነጠላዬን አጣፍቼ የልጅቷን አልጋ ገፋሁ።

ልጄ ግሉኮሷን እንዳንጠለጠለች ገባች፤ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ማንጎ ነበር። እኔ ግን የመራዊዋ ሴት ልጅ በደኅና እስኪወጣ እህል አልቀመስሁም።

ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ሱቅ ደጅ፣ ከሁሉ ፊት የማንም ያልሆነ አንድ ድንጋይ አስቀምጥ ጀመር፤ ቤቷ በሽተኛ ላላት። አንድ ቀን የካድሬው ሚስት መጥታ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመች።

«ማን ታመመብሽ?» አልኋት።

ወደ ኋላ ሄዳ ተሰለፈች።